በሹክሹክታ ያሳደግናት

መስከረም 14

ዛሬም ድምፄ ሻከረ። ከጠዋት ጀምሮ በአውቶቡስ መናኸሪያው ድምፅ ማጉያ ስለፈልፍ ነው የዋልኩት... "በር ሦስት ሊነሳ ነው! ሻንጣዎን ጥለው የሄዱት እመቤት፣ ሻንጣዎ እርስዎን እየፈለገ ነው!" ትኬት ቆራጩ ጓደኛዬ "አንተን እኮ ቢቀብሩህም ከታች ሆነህ አውቶቡስ ትጠራለህ" ይለኛል። ይበል። የምበላው በዚሁ ጉሮሮ ነው።

ቤት ስገባ ግን ሌላ ሰው ነኝ። ጫማ ደረጃው ላይ ይወልቃል። ቁልፍ በመሃረብ ተይዞ ቀስ ተብሎ ይዞራል። ባለቤቴ ከወጥ ቤት በእጇ ምልክት "ደህና ዋልክ?" አለችኝ፤ እኔም በእጄ "ደህና" አልኳት። ኮሽታ ምንጣፉ ላይ ተቀምጣ ለአሻንጉሊቷ የሆነ ነገር ታስረዳለች። በሹክሹክታ ነዋ። አየችኝ፣ ተነሳች፣ አንገቴ ላይ ተጠመጠመችና ጆሮዬ ውስጥ "ጋጋ መጣ" አለች። ጋሼ ማለት አቅቷት ነው ጋጋ ያደረገችኝ። የቀኑ ድካም በአንዴ ጥፍት።

ኮሽታ የቤት ስሟ ነው። የታናሽ እህቴ ልጅ ናት። እህቴ እሷን ስታረግዝ አደንዛዥ ዕፅ ትወስድ ነበር... ልጅቷ የተወለደችው ያ ነገር በደሟ ውስጥ እያለ ነው። በማግስቱ ሰውነቷ ሲያጣው መንቀጥቀጥ ጀመረች። ኮሽ ባለ ቁጥር ትባንናለች፣ ታለቅሳለች፤ ስሟም ከዚያ መጣ። ከሆስፒታል በቀጥታ ወደ እኛ ቤት አመጣናት። ይኸው አራት ዓመቷ፣ ዘንድሮ መዋዕለ ሕፃናት ገብታለች። ከኋላ ሲያዩዋት ቦርሳ ብቻውን የሚሄድ ይመስላል።

ይህን ለማን ነው የማስረዳው? ለራሴ? አውቀው የለ እንዴ! ደስ ሲለኝ እንዲህ ነኝ፤ የማውቀውን ለራሴ አወራለሁ።

መስከረም 15

ባለቤቴ አስነጠሳት። ትራስ ውስጥ ገብታ ጨረሰችው። ጀግና ናት።

መስከረም 20

ትኬት ቆራጩ ዛሬ ቤት መጥቶ ነበር። መጥሪያውን ቢጫን ቢጫን ድምፅ የለም። ደወሉን ነቅዬ በምትኩ አምፖል ካስገባሁ ቆይቻለሁ፤ ሲጫኑት ሳሎን ውስጥ ሰማያዊ መብራት ብልጭ ይላል። ገብቶ ተቀመጠ፤ ወንበሩ ድምፅ አላሰማም፣ እግሮቹ ወፍራም ጨርቅ ለብሰዋል። ሻይ አማሰለ፤ ማንኪያው እንጨት ነው። የቧንቧው ውኃ እንኳ ስፖንጅ ላይ ነው የሚወርደው። ቴሌቪዥኑን ድምፁን አጥፍተን ጽሑፉን እናነባለን። ሰውዬው ትንሽ ተቀምጦ ላብ በላብ ሆነ።

"ምነው?" አልኩት በሹክሹክታ።

"እኔ እንጃ... የሆነ ነገር ያጠፋሁ መሰለኝ" አለኝ፤ እሱም በሹክሹክታ። ሻዩን ሳይጨርስ ሄደ።

ሳቅን፣ እኔና ባለቤቴ። አፋችን ተዘግቶ፣ ትከሻችን ብቻ እየተንቀጠቀጠ። እሷስ ቤተ መጻሕፍት ነው የምትሠራው፤ ጸጥታ ደሞዟ ነው። የሚገርመው የእኔ ነው! አራት ዓመት በሹክሹክታ ስንጣላ ኖርን። በሹክሹክታ መቆጣት ሙያ ይጠይቃል። አንዷ ቃል ካልተሰማች "ምን አልከኝ?" ትላለች፤ ስደግመው ንዴቱ የለም። ትዳራችንን ያቆየው ይኸው ሳይሆን አይቀርም። ዝም አይነቅዝም ይሉ የለ።

መስከረም 23

ኮሽታ ከትምህርት ቤት ስትመለስ ጆሮዬ ውስጥ ጠየቀችኝ። "ጋጋ፣ እዚያ ያሉት ልጆች ለምን ይጮኻሉ? ማንም እሽሽ አይላቸውም?"

"አመላቸው ነው" አልኳት። አዘነችላቸው።

መስከረም 27

የመዋዕለ ሕፃናቱ መምህርት አስጠራችን። እኔና ባለቤቴ ጉልበታችን አገጫችን እስኪነካ ድረስ በእነዚያ ሚጢጢ ወንበሮች ላይ ተቀመጥን።

"ልጅቷ አትናገርም" አለች።

"ትናገራለች እንጂ!" አለች ባለቤቴ።

"አፏ ይንቀሳቀሳል፤ ድምፅ ግን የለም። ስሟ ሲጠራ አቤት አትልም። ሽንት ቤት ልሂድ ብላ እንኳ አትጠይቅም... ሁለቴ ልብሷ ላይ አመለጣት።"

ርዕሰ መምህርቷም መጣች። ክፉ ሴት አይደለችም። ኮሽታ ስትወለድ የነበረውን ታውቃለች። "እንደ እሷ ያሉ ልጆች ላይ ይታያል" አለች። እንደ እሷ ያሉ... እስከ ግማሽ ዓመቱ ማብቂያ፣ እስከ ጥር መጨረሻ እናያታለን አለች። እስከዚያ ካልተናገረች እዚህ አትቆይም። ከከተማው ወዲያ ማዶ ሌላ ትምህርት ቤት አለ፤ መናገር የማይችሉ ልጆች የሚማሩበት።

ግን እኮ እዚህ ጓደኛ ይዛለች! ፀጉሯ ቀጥ ብሎ የቆመ አንዲት ልጅ አለች፣ ቀኑን ሙሉ እጅ ለእጅ ናቸው። ኮሽታ ሰው ሲነካት የማትወድ ልጅ፣ የዚያችን እጅ ትይዛለች። ይህን እንዴት ነው የምትቀሟት?

ስንመለስ ባለቤቴ "ያ ነገር ነው" አለች። ያ ነገር... መራመድ ስትዘገይ እሱ ነበር። የልብስ ማርክ ሲኮሰኩሳት እሱ። መንገድ ስንቀይርባት መሬት ላይ የምትወድቀው በእሱ። አሁን ደግሞ ድምፅዋን? ምን ሊተውላት ነው?

ጥቅምት 3

እሁድ ስለሆነ እህቴ መጣች። ዳቦ ቤት ነው የምትሠራው፤ ስትገባ ቤቱ ትኩስ ዳቦ ይሸታል። ያን ነገር ከተወች ሁለት ዓመት አልፏታል። ኮሽታ እሷን "እማ" ትላታለች፣ ባለቤቴን "ቴቴ"። እትዬ ለማለት ሞክራ የቀረባት ነው።

ላንነግራት ነበር ሐሳባችን። ፊቴ ግን አይችልበትም።

"ጋሼ፣ ምን ሆናችኋል?" ብላ ያዘችኝ። ነገርኳት። ጃኬቷን እንደለበሰች ቁጭ አለች።

"እኔ ነኝ።"

"ተይ እባክሽ..."

"ድምፅዋን የበላሁት እኔ ነኝ፣ ጋሼ።"

ባለቤቴ አቀፈቻት። ኮሽታ መጥታ የእናቷን ጉንጭ በሁለት እጇ ይዛ ጆሮዋ ውስጥ የሆነ ነገር ሹክ አለቻት። እህቴ ፈገግ ለማለት ሞከረች። በጊዜ ሄደች። ያመጣችው ዳቦ ሳይቆረስ አደረ።

የእናት ሆድ ዥንጉርጉር ነው ይላሉ። እኔ በአፌ እጮኻለሁ፤ እሷ በሆዷ።

ጥቅምት 12

የጆሮ ሐኪም ዘንድ ሄድን። ማዳመጫ አጠለቀላትና "ድምፅ ስትሰሚ እጅሽን አንሺ" አላት። እጇ አልወርድ አለ! ሐኪሙ ድምፁን ቀነሰ፣ ቀነሰ፣ ቀነሰ... እጇ ላይ ነው። ማሽኑ የተበላሸ መስሎት ራሱ አጥልቆ ሞከረው። ምንም አልሰማም። "ይህቺ ልጅ የጎረቤት ሐሜት ሳያመልጣት አይቀርም" አለ።

ደስታዬን ለማን ልንገር? መንገድ ላይ ለማላውቀው ጋዜጣ ሻጭ ነገርኩት። "እንኳን ደስ አለህ" አለኝ፤ ምን ያድርግ።

ግን ጆሮዋ ደህና ከሆነ... ታዲያ ምንድነው?

ኅዳር 2

የንግግር ባለሙያዋ ጋ። ትልልቅ ጉትቻ ያላት፣ ገና ከበሩ የምትስቅ ሴት። ኮሽታን ለብቻዋ ይዛት ገባች። ስትወጣ እያጨበጨበች ነው።

"ጉሮሮዋ ምንም የለውም። ቃላቷ ደግሞ ከዕድሜዋ ይበልጣል። 'ሶፋሽ ተልጧል፣ ለምን አታሰፊውም?' አለችኝ እኮ! በሹክሹክታ።" ከዚያ እኛን ትክ ብላ አየችን። ቆይታ "ቤታችሁ ብመጣ ቅር ይላችኋል?" አለች።

ቅር? ባለቤቴ ከአሁኑ መጋረጃ እያወረደች ነው።

ኅዳር 7

የዛሬውን እንዴት ነው የምጽፈው? እስካሁን ሆዴን ያመኛል፣ በሳቅ።

መብራቱ ብልጭ አለ፤ በሩን ከፈትኩ። "ደህና ዋላችሁ!" አለች በዚያ ድምፅዋ። ሦስታችንም በአንድ ጊዜ ጣታችንን አፋችን ላይ አደረግን። "እሽሽሽ!" እኔ፣ ባለቤቴ፣ ኮሽታ። የኮሽታ ከሁላችንም ቆፍጠን ያለ ነበር።

ሴትየዋ በሩ ላይ እንደቆመች ቀረች። ጣቶቻችንን አየች። አምፖሉን አየች። ጨርቅ የለበሱትን የወንበር እግሮች፣ ስፖንጁን፣ የእንጨት ማንኪያዎቹን፣ ኮሽታ ውጭ ስትወጣ የምታጠልቀውን ትልቁን የጆሮ መሸፈኛ... አንድ በአንድ። ከዚያ ተቀመጠችና ረጋ ብላ ጠየቀችን።

"እዚህ ቤት ጮክ ብሎ የሚያወራ ማነው?"

ተያየን።

"ሰው ሲጠራራ ሰምታ ታውቃለች? ሲዘፍን? ሲጣላ?"

"ኧረ በፍጹም!" አልኩ በኩራት። በኩራት እኮ ነው ያልኩት!

"እንዲህ አድርጉ ያላችሁ ማነው?"

የሆስፒታሉ ነርስ ናት። ልጅቷን ከሆስፒታል ስናወጣት ነርሷ አስጠንቅቃናለች። ጸጥታ፣ ደብዘዝ ያለ ብርሃን፣ ጥብቅ አድርጎ መጠቅለል፣ ድምፅ ዝቅ። ያለችንን አደረግን። ልጅቷም መንቀጥቀጡን ተወች።

"ልክ ነግራችኋለች። ለአራስ ልጅ፣ ለመጀመሪያዎቹ ወራት። አቁሙ ያላችሁ መቼ ነው?"

ባለቤቴ እኔን አየች። እኔ ባለቤቴን።

ማንም አቁሙ አላለንም። እኛም አልጠየቅን።

ሴትየዋ መጀመሪያ ከንፈሯን ነከሰች። ከዚያ አልቻለችም፣ ሳቋ አመለጣት። ቤቱን የሞላ ሳቅ! እኔና ባለቤቴ ወደ ኮሽታ ዘለልን፣ አሁን ትንቀጠቀጣለች ብለን። ኮሽታ ግን ወደ ሴትየዋ ሄዳ ጉሮሮዋን በጣቷ ነካች። ሳቁ ከየት እንደሚወጣ እየፈለገች ነው።

"ይህቺ ልጅ መናገር አላቃታትም" አለች ሴትየዋ ዓይኗን እየጠረገች። "እናንተን ነው የመሰለችው። ሰው የሚናገረው እንዲህ ነው ብላ ነው። እዚያ ጩኸት መሃል ደግሞ ሹክሹክታዋን ማን ይስማላት?"

ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው። ቤታችን ምን እንደሆነ ሰው ሁሉ ሲያየው፣ ስለ ራሳችን የሰማነው እኛ መጨረሻ ላይ።

ኅዳር 8

እህቴን በር ላይ ጠበቅኋት። ጃኬቷን ሳታወልቅ ነገርኳት።

"ቆይ... ቆይ ጋሼ። ያ ነገር አይደለም ማለት ነው?"

"አይደለም።"

"እናንተ ናችሁ?"

"እኛ ነን።"

"የእኔ አይደለም?"

"ይሄኛው የእኛ ነው። ንክች እንዳታደርጊብን።"

ወለሉ ላይ ቁጭ አለችና ሳቀች። እያለቀሰች ሳቀች። "የእኔ አይደለም... የእኔ አይደለም!" መጀመሪያ በሹክሹክታ፣ ኋላ ጮክ ብላ። ኮሽታ ጭኗ ላይ ወጥታ እንባዋን ትጠርጋለች፣ ምን እንደሚያስቅ አልገባትም፣ ግን አብራ ትስቃለች።

ሁሉም ነገር የእኛ ነው ማለት አይደለም። የሚኮሰኩሳት ልብስ አለ፣ የማይቀየር መንገድ አለ፣ ያ ነገር የተወው ምልክት አለ። እህቴም ታውቀዋለች። ይህ አንዱ ግን የእሷ አይደለም። ለእሷ አንዱም ትልቅ ነው።

"ጥፋተኛ ሆኜ እንዲህ ደስ ብሎኝ አያውቅም" አለች ባለቤቴ።

ኅዳር 10

ባለሙያዋ ያዘዘችን... በአንዴ አይደለም፤ በየቀኑ ትንሽ ከፍ። ደስ የሚሉ ድምፆች ይቅደሙ። ልጅቷ ራሷ የምታስነሳው ድምፅ ከሁሉም ይሻላል።

ከሁለት ወንበር ላይ ጨርቁን አወለቅን። ራት ላይ "ጨው አቀብይኝ" አልኩ በሰው ድምፅ። ሦስታችንም ደነገጥን። እኔ ጭምር።

ኅዳር 13

ባለቤቴ ጮክ ብላ ተቆጣችኝ! አልጋ ላይ ለጣልኩት እርጥብ ፎጣ። እንዴት ያለ የሚያምር ድምፅ ነው ያላት፣ ረስቼው ነበር እኮ። "እስቲ ድገሚው" ብላት ባሰባት።

ኅዳር 19

ክፉ ቀን። ድስት ከእጄ አመለጠና ወለሉ ላይ ጓ! አለ። ኮሽታ ጠረጴዛ ሥር ገባች። ጉልበቷን አቅፋ ተንቀጠቀጠች፣ ልክ እንደ ድሮው። ሥር ገብቼ አብሬያት ተኛሁ። በጃኬቴ ጠቅልዬ ጥብቅ አድርጌ ያዝኳት፣ እስኪለቃት።

ነርሷም ያለ ምክንያት አልተናገረችም ለካ... ጨርቁን ወደ ወንበሩ እንመልሰው? እኔ እንጃ። ባለቤቴ "የቸኮለች አፍሳ ለቀመች" አለችኝ። በሹክሹክታ። ሁላችንም ወደ ሹክሹክታችን ተመለስን። ጥር ደግሞ አይቆምልንም።

ኅዳር 20

ለባለሙያዋ ደወልኩ። "ድስቱን የጣልከው አንተ ነህ" አለችኝ። "እሷ ጥላው ቢሆን ኖሮ ትስቅ ነበር።"

ይገባኛል። ግን እንዴት ነው እንዲህ የሚደረገው? ልጅ እንድትጮኽ እንዴት ይለመናል?

ኅዳር 28

የድስት ክዳን ሰጠኋት። አየችው። መልሳ መደርደሪያው ላይ አስቀመጠችው፣ ቀስ አድርጋ፣ ኮሽ ሳታደርግ። ከዚያ "ጎበዝ በለኝ" አለችኝ።

ጎበዝ አልኳት። ምን ላድርግ?

ታኅሣሥ 9

የመዋዕለ ሕፃናቱ የውኃ መስመር ፈንድቶ ዛሬ ተዘጋ። ባለቤቴ መጽሐፍ ቆጠራ ላይ ናት፣ እህቴ ዳቦ ቤት። ማን ይያዛት? ትልቁን የጆሮ መሸፈኛ አጥልቄላት መናኸሪያ ይዣት ሄድኩ።

የእኔ ክፍል ፎቅ ላይ ነው፣ ዙሪያው መስታወት፤ መናኸሪያው በሙሉ ከታች ይታያል። ጥግ ላይ አስቀመጥኳት። ማይኩን ስከፍት በአንድ ዓይኔ እሷን እያየሁ ነው። "በር አምስት፣ የመጨረሻ ጥሪ..." ድምፄ ውጭ ሲያስተጋባ መሸፈኛዋን በሁለት እጇ ያዘች። አላለቀሰችም። ተነስታ መስታወቱ ጋ ሄደች። ሁለተኛው ጥሪ ላይ አንዱን ጆሮዋን ገለጥ አደረገች። ሦስተኛው ላይ አወለቀችው።

መጥታ ጆሮዬ ውስጥ "ጋጋ፣ አንተ ስታወራ ሰዎቹ ይሮጣሉ" አለችኝ።

"አዎ።"

"ለምን?"

"ስለሰሙኝ ነዋ።"

ይህን ይዛ ተቀመጠች። ብዙ አሰበች።

ከዚያ... ከዚያማ ስለ አንድ የጠፋ ጃንጥላ ተናግሬ ማይኩን መዝጋት ረሳሁ። በሥራ ዘመኔ ረስቼ አላውቅም! ኮሽታ ጭኔ ላይ ወጣች። አፏ ማይኩ አጠገብ። እንደ ልማዷ በሹክሹክታ፣

"ጋጋ... ሽንቴ መጣ።"

መናኸሪያው በሙሉ ሰማው። ከጣሪያው፣ ከየበሩ፣ ከምግብ ቤቱ... "ሽንቴ መጣ... መጣ... መጣ..."

ከታች ያለው ሕዝብ ቀጥ አለ። ሁሉም ቀና ብሎ አየ። ከዚያ ሳቁ ፈነዳ። አንዱ ሾፌር ጥሩምባውን ነፋ። ሻንጣ የተሸከመ ሰውዬ ሻንጣውን አስቀምጦ አጨበጨበ። አንዲት አሮጊት በከዘራቸው ወደ ላይ እያመለከቱ "ኧረ ልጅቷን ውሰዷት!" ይላሉ።

አሁን ትወድቃለች፣ አሁን ትንቀጠቀጣለች... እጄን ዘርግቼ ጠበቅሁ።

ኮሽታ አፏን ከፍታ ጣሪያውን አየች።

"ጋጋ... እሱ እኔ ነኝ?"

"አንቺ ነሽ።"

"ሁሉም ሰሙኝ?"

"ሁሉም።"

"ደግሜ ልበል?"

ይህን ስትጠይቀኝ በሩ ተበረገደና አለቃዬ ገባ። አበቃልኝ አልኩ። ፊቱን ቋጥሮ እኔን አየ፣ እሷን አየ። "አንተ ሰው" አለ፣ "መጀመሪያ ልጅቷን ሽንት ቤት ውሰዳት። ተሳፋሪው ሁሉ ተጨንቋል።"

ደረጃውን ስንወርድ መንገድ ለቀቁልን። "ቶሎ በሉ! ቶሎ!" ይላሉ። ኮሽታ እንደ ትልቅ ሹም ግራና ቀኝ እያየች አለፈች። ስንመለስ ደግሞ "ደረስሽ ወይ?" ብለው ጠየቋት። ራሷን ነቀነቀችላቸው።

መሸፈኛውን እዚያው ክፍል ረስተነው መጣን። አልጠየቀችኝም።

ታኅሣሥ 10

የሾርባ ጭልፋው ማይክ ሆነ። ወንበር ላይ ቆማ "በር አንድ! ቴቴ! ሾርባ ደርሷል!" ሹክሹክታ አይደለም። ጩኸትም አይደለም፣ መሃል ላይ ያለ። ድምፅዋ ደግሞ ወፍራም ነው! ሻካራ፣ የእኔን የመሰለ። ማን ገመተ? አራት ዓመት አብረን ስንኖር ድምፅዋን አናውቀውም ነበር።

ባለቤቴ ወጥ ቤት ገብታ አለቀሰች። ከዚያ ወጥታ "ተሳፋሪ ነኝ፣ ትኬት የለኝም" አለቻት።

"ትኬት ከሌለሽ ሾርባ የለም" አለች ኮሽታ። በጭልፋው።

ታኅሣሥ 13

እህቴ ልትሰማ እየሮጠች መጣች። ኮሽታ እሷን ስታይ ጭልፋውን ጣለችና ጉንጯን ይዛ ሹክ አለቻት። እንደ ድሮው። ብንለምናት፣ ብናባብላት... እምቢ። "ለእማ እንዲህ ነው የማወራው" አለችኝ ጆሮዬ ውስጥ።

"ግድ የለም" አለች እህቴ። ግድ አላት። ስትሄድ ደረጃው ላይ ቆማ በበሩ በኩል ለመስማት ስትሞክር አይቻታለሁ።

ታኅሣሥ 24

ቤት ውስጥ አዋጅ ነጋሪ፣ መዋዕለ ሕፃናት ድዳ። መምህርቷ "ምንም ለውጥ የለም" አለች። ኮሽታን "ለምን?" ብላት፣ "እዚያ ጭልፋ የለም" አለችኝ። ጭልፋውን ቦርሳዋ ውስጥ ልክተት? ባለሙያዋን ጠየቅኋት። "ተው" አለችኝ፤ "ድምፅዋ የእሷ እንጂ የጭልፋው አይደለም። ራሷ የምትፈልገው ቀን ይመጣል።"

ይመጣል... እስከ ጥር ይደርሳል ወይ ነው ጥያቄው።

ጥር 8

ሰምታችሁ አታውቁም! ማንን ነው "ሰምታችሁ" የምለው? ይሁን። ኮሽታ ክፍል ውስጥ ድምፅ ማጉያ ቀጥራለች። ለዚያች ፀጉሯ ለቆመው ጓደኛዋ ሹክ ትላታለች፤ ያቺ ደግሞ በሙሉ ጉልበቷ ታውጃለች። "ሽንቷ መጥቷል!" "ቀዩን ቀለም ትፈልጋለች!" "መምህር፣ ቀሚስሽ ያምራል ትላለች!"

መምህርቷ ሳቋን መቆጣጠር አቅቷት ነው የነገረችኝ። ርዕሰ መምህርቷ ግን አልሳቀችም። "የሷን ድምፅ ነው መስማት ያለብኝ" አለች። እውነቷን ነው።

ጥር 18

ባለቤቴ ማዶ ያለውን ትምህርት ቤት አይታው መጣች። "ደህና ነው፣ ንጹሕ ነው" አለችኝ። በሹክሹክታ ነው የነገረችኝ።

ጥር 26

ዛሬ ነበር።

ርዕሰ መምህርቷ ክፍሉ ውስጥ ገብታ ተቀመጠች። የኮሽታን ጓደኛ ሌላ ጠረጴዛ ወሰዷት፣ እንዳታውጅላት። እኔና ባለቤቴ ኮሪደሩ ላይ ቆምን። በሩ ተዘግቷል። የሌሎቹ ልጆች ድምፅ ይሰማል፤ የእኛ የለም። ባለቤቴ ክንዴን ይዛ ጥፍሯን ተከለችብኝ። ቆየን... በጣም ቆየን። በቃ አልኩ በልቤ። ማዶ ወዳለው ትምህርት ቤት አውቶቡሱ የቱ ነው ብዬ ማሰብ ጀመርኩ፤ እኔው አውቀዋለሁ፣ በር ስምንት ነው።

ድንገት ልጅ አለቀሰ። የእኛ አይደለችም፤ ያቺ አዋጅ ነጋሪዋ ናት። ኋላ እንደሰማነው አንድ ልጅ ሥዕሏን ነጥቋት ነው። ለሌላው ስትናገር የኖረች ልጅ፣ ለራሷ ጊዜ ቃል ጠፋባት።

ከዚያ ከበሩ ወዲያ ያ ወፍራም ድምፅ!

"መልስላት! የእሷ ነው! አሁኑኑ መልስላት!"

እኔና ባለቤቴ ተቃቅፈን ዘለልን። ኮሪደር ላይ፣ በዚህ ዕድሜያችን።

ርዕሰ መምህርቷ በሩን ከፍታ ወጣች። ፊቷን ኮስተር አድርጋለች። "ልጃችሁ ክፍል ውስጥ ጮኻለች። ሕጋችን አይፈቅድም። ጥግ ላይ አስቀምጠናታል።"

"እባክዎ አንድ ጊዜ ይድገሙልን" አለች ባለቤቴ።

ርዕሰ መምህርቷ ከዚያ በኋላ ኮስታራነቷን ማቆየት አልቻለችም። "ትቆያለች" አለች። "ከጥጉ ስትነሳ ወደ ጓደኛዋ ትመለሳለች።"

በመስኮቱ አየኋት። ጥግ ላይ እግሯን እያወዛወዘች ተቀምጣለች። ያቺ ፀጉሯ የቆመው ልጅ ሥዕሏን ይዛ አጠገቧ ተቀምጣለች፤ እሷ እንኳ አልተቀጣችም።

በመውጫ ሰዓት በሩ ላይ የወላጅ ግርግር ነበር። እህቴ ከዳቦ ቤት አስፈቅዳ እየሮጠች መጥታለች፣ ዱቄቱን ከክንዷ እንኳ አላራገፈችም። እኛን በሌላ በኩል እየፈለገች ጀርባዋን ሰጥታን ቆማለች። የሆነውን ገና አልሰማችም። ልጠራት አፌን ስከፍት ኮሽታ እጄን ጎተተች።

"እኔ" አለች። ደረቷን ሞላች።

"እማ!"

በሩ ላይ የነበሩት እናቶች ሁሉ ዞሩ። አንዲት ብቻ አልዞረችም። በዚያ ድምፅ ተጠርታ አታውቅማ! የሌላ ሰው ልጅ መስሏታል።

ኮሽታ ቀና ብላ አየችኝ። "ጋጋ፣ አልሰማችኝም።"

አራት ዓመት ሙሉ ቀስ በይ ስላት የኖርኩ ሰውዬ፣ "ጨምሪ" አልኳት።

"እማ! እኔ ነኝ! እማ!"

እህቴ ዞረች።